ያለ ፀሐይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች በሃይላንድ ማሳየት

ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ኬሞሲንተሲስ ላይ፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ያለ ፀሐይ ከኬሚካል ባገኙት ጉልበት ምግባቸውን የሚሠሩበት ትምህርት ላይ፣ ስደርስ ድሮ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፍ ነበር። ተማሪዎቹ ይገለብጡታል፤ ዓይናቸው ግን አላመነም። አሁን ጭቃ ይዤ እገባለሁ።

ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አዘጋጁና አናታቸውን ቁረጡ። ከጣና ዳር፣ ከደንገሉ ሥር ጥቁሩን ጭቃ ዛቁ። ቦት ጫማና የላስቲክ ጓንት የግድ ነው፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት። ተማሪ አትላኩ። ጭቃው ላይ የተቀዳደደ ጋዜጣ፣ የአንድ ቅቅል እንቁላል አስኳልና አንድ ማንኪያ ጄሶ ጨምራችሁ አማስሉ። ሃይላንዶቹን ከግማሽ በላይ በጭቃው ሙሏቸው፣ የሐይቁን ውሃ አፍስሱበት፣ ከላይ አራት ጣት ያህል ለአየር ተዉ። አፋቸውን በላስቲክ ሸፍናችሁ በመርፌ ብሱት። አንዱ መስኮት ጋ ይቀመጥ። ሌላውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሉት።

ሁለት ወር ጠብቁ። መስኮት ጋ ያለው አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፤ ብርሃን የሚጠቀሙ ናቸው። እኔ የምጓጓው ለተጠቀለለው ነው። መስኮት ከፍታችሁ ፌስታሉን ፍቱ። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ መርዛማ ስለሆነ አፍንጫችሁን አታስጠጉ። ጭቃውና ውሃው በሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነጭ ነገር ፈልጉ። ሁልጊዜ አይወጣም፤ እኔ በሦስተኛው ሙከራ ነው ያገኘሁት። ቤጂያቶአ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ያነጣው ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቀመው ድኝ ነው። የተቀመጠበትን ቦታ አሳዩአቸው፦ ከሥሩ ሰልፋይድ፣ ከላዩ ኦክስጅን። ሁለቱን አገናኝቶ ጉልበት ያገኛል። ከዚህ ወገን በዚያው ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር የሚለውጡ አሉ።

ባሕሩን የማነሳው ከዚህ በኋላ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. አልቪን የተባለችው ሰርጓጅ ጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር ወርዳ ከባሕሩ ወለል በሚፈልቀው ፍል ውሃ ዙሪያ ግዙፍ ትሎች አገኘች። አፍ የላቸውም፣ አንጀትም የላቸውም። ቀዩ ላባቸው ሰልፋይዱንም ኦክስጅኑንም በደም ተሸክሞ ሰውነታቸው ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያደርሳል፤ የሚመግቧቸው እነሱ ናቸው።

አምና አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚያ ታች ኦክስጅኑ ከየት መጣ?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከላይ ነው የመጣው፤ ፀሐይ ከምታያቸው አልጌዎችና ዕፅዋት።