ሌክ ትራውት እምቢ ሲል፦ የዳውንሪገር ችግርና መፍትሄ

ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከነዱ ዱሉዝ ነዎት፤ ሌክ ሱፒሪየር የተባለው ትልቅ ሐይቅ እዚያው ይጀምራል። ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወድ ሰመር ሲገፋ ወደ ታች ይወርዳል። ዳውንሪገር፣ ማለትም ማጥመጃውን ወደ ጥልቁ የሚያወርደው መሣሪያ፣ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከባድ ኳስ በሽቦ ይወርዳል፤ የማጥመጃ ዘንጉ ክር ኳሱ አጠገብ በክሊፕ ይያዛል፤ ዓሣ ሲነክስ ይላቀቃል። ጀማሪ አልሳካ ሲለው ስፑን (እንደ ማንኪያ ያለ የብረት ማታለያ) በስፑን ላይ ይቀያይራል። በእኔ እምነት የስፑኑ ቀለም የመጨረሻው ጥርጣሬ መሆን አለበት።

ሶናሩ (የዓሣ መፈለጊያው መሣሪያ) ዓሣ ያሳያል፤ የሚነክስ ግን የለም

መጀመሪያ ሽቦውን ይዩት። ጀልባው ሲሄድ ውሃው ኳሱን ወደኋላ ይገፋዋል። የሽቦው ርዝመት ቆጣሪ 100 ጫማ እያለ ሽቦው 45 ዲግሪ ከተጋደመ፣ ኳሱ ያለው 70 ጫማ አካባቢ ነው። ዓሣው ከታች፣ ስፑንዎ ከላይ! 8 ፓውንድ ኳስ ከሆነ ወደ 12 ይቀይሩ፤ ካልሆነም ሽቦ ይጨምሩ።

ሌክ ትራውት ብዙ ጊዜ ወለል ለወለል ነው የሚውለው። ስለዚህ ከወለሉ ጥቂት ጫማ ብቻ ከፍ ይበሉ። ወለሉ አሸዋ ወይም ጭቃ ከሆነ ኳሱ አልፎ አልፎ ነካ ቢያደርገው ጥሩ ነው፤ የሚነሳው ደፍራሽ ዓሣውን ይስባል።

ቀጥሎ ፍጥነት። ከ1.5 እስከ 2.2 ማይል በሰዓት ይሞክሩ። ጂፒኤስ የሚነግርዎት የላዩን ነው፤ ታች ያለው ጅረት ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብለው አይንዱ። ሲታጠፉ የውስጠኛው ክር ይዘገያል፣ የውጪው ይፈጥናል። የትኛው እንደተነከሰ ያስተውሉና ፍጥነትዎን በዚያ ያስተካክሉ።

ዘንጉ ይነቀነቃል፤ ክሩ ግን አይላቀቅም

ክሊፑ ጠብቋል። ትንሽ ዓሣ ተይዞ ሳያውቁት ሲጎትቱት ይውላሉ። ክሊፑን ላላ ያድርጉት፤ በየሃያ ደቂቃውም አውጥተው ይዩ።

ክሩ ይላቀቃል፤ ዓሣው ግን የለም

ኳሱ ከወረደ በኋላ ክሩን አላጠበቁትም ማለት ነው። ዘንጉ ደህና አድርጎ እስኪጎብጥ ድረስ ይጠቅልሉ። ያኔ ሲላቀቅ ራሱ ቀጥ ብሎ የላላውን ክር ይሰበስባል፤ የቀረውን እርስዎ ቶሎ ቶሎ ይጠቅልሉ። መንጠቆውንም በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ይሞክሩት። ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ይሳሉት።

ክሩ ይጠማዘዛል

ጥሩ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ማገናኛ) ያስገቡ። ስፑኑን ከማውረድዎ በፊት ጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ይዩት፤ መወዛወዝ እንጂ እንደ እንዝርት መሾር የለበትም።

ኳሱ ድንጋይ ያዘው

ቀልድ የሌለበት ይሄ ነው። ጀልባው ወደፊት እየሄደ ሽቦው ከተወጠረ ትንሽ ጀልባን ከኋላ ወደ ውሃ ሊጎትት ይችላል። ወዲያው ማርሹን ፎሌ ያድርጉ፤ የዳውንሪገሩን ፍሬን ያላሉና ሽቦው ይሂድ። ሌሎቹን ክሮች ያውጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደመጡበት ይመለሱ፣ ኳሱን አልፈው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሳቡት። አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሽቦውን በምንም ተአምር እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ። እምቢ ካለ ይቁረጡት፤ ሽቦ የሚቆርጥ ፒንሳም ሳጥን ውስጥ ሳይሆን እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ፍሬኑን ደግሞ ጠዋት ኳሱን ከማውረድዎ በፊት ላላ አድርገው ይጀምሩ፤ ኳሱን ከያዘ ይበቃል።