በስቶክሆልም ብርድ በየቀኑ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ጥንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔና ባለቤቴ ከኖቬምበር እስከ ማርች በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት ስንስማማ የፈራነው የስቶክሆልምን ብርድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራችንን ያበላሸብን ግን ብርዱ ሳይሆን የብርሃኑ ማጠር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፎቶግራፉን ከሥራ መልስ አነሳዋለሁ ብሎ ማቆየት ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ገደማ ሲሆን፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ቢሮ የሚውል ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ቀትር ላይ ፀሐይን አናቱ ላይ ማየት ለለመደ የአዲስ አበባ ልጅ ነገሩ ለማመን ያስቸግራል። እኛም አንድ ሳምንት ሙሉ ያነሳነው የመንገድ መብራት ብቻ ነበር። መፍትሔ የሆነን የምሳ ሰዓታችንን ለፎቶ መስጠት ነው፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ፣ በሌላ አገር ማለዳና ማታ ብቻ የሚገኘው ረጅም ጥላ ያለው ለስላሳ ብርሃን እዚህ ቀኑን ሙሉ አይለይም። ስትጠልቅም እንደ አገራችን ቀጥ ብላ ሳይሆን አጋድላ ስለምትወርድ፣ ሰማያዊው ድንግዝግዝታ 50 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። በሶደርማልም ሰፈር ኮረብታ ጫፍ ከሚያልፈው ከሞንቴሊዩስቬገን መንገድ ላይ ሆኖ፣ ከውኃው ማዶ ያለውን የከተማዋን ማዘጋጃ ቤት ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም።

የካሜራውን የብርሃን ልኬት እንዳለ ማመን ሌላው ስህተት ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር ነጩን በረዶ አመድ ያስመስለዋል፤ እንደ እኛ ጠይም የሆነ ሰው በበረዶ መካከል ሲቆም ደግሞ ፊቱ ጭራሽ ይጠቁራል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ከፍ ማድረግ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይጨምራል)፣ ሰው በሚነሳበት ጊዜም ልኬቱን ከፊቱ ላይ መውሰድ ይገባል። በጥላ ውስጥ ያለ በረዶ ሰማያዊ መምሰሉ ግን የሰማዩን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ እንጂ የካሜራው ጥፋት አይደለም። ባለቤቴ ያን ሰማያዊነት በኮምፒውተር ታጠፋዋለች፤ እኔ እቃወማለሁ፤ እስካሁን አልተስማማንም።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ወደ ቤት መግቢያውን ነው። የቀዘቀዘ ካሜራ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ የአየሩ እርጥበት በሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ስለዚህ ገና ደጅ ሳሉ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ እስኪሞቅ ድረስ ሳይከፍቱ መተው ይገባል። እንደ እኔ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሚሞሪ ካርዱን ውጭ ሳለ ያውጣው።

ለተሻለ ዕይታ ብሎ በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ መውጣትም አለ። ውፍረቱ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር መሆኑን ሳያረጋግጡ እግርን ማሳረፍ አይገባም፤ ለአንድ ፎቶ ሲባል የሚደፈር ነገር አይደለም።

ጥንዶችን የሚያጣላው ስህተት አንዱን ቋሚ አንሺ፣ ሌላውን ቋሚ ተነሺ ማድረግ ነው። አንሺው ሲንቀሳቀስ ይሞቀዋል፤ ተነሺዋ ግን ኮፍያዋን አውልቃ፣ «ትንሽ ወደ ግራ» እየተባለች በቆመችበት ትደነዝዛለች። ሃያ ቀን ሙሉ ባለቤቴን ሳስቆማት ከርሜ የዚያን ሁሉ ቀን ፎቶ በአንድነት ስንመለከት፣ እርሷ ያየችው ከተማ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን በየተራ እንይዛለን፤ ለአልበም የሚገባውን የሚመርጠውም ያላነሳው ሰው ነው። ጉድለት መንቀስም ቢሆን ቤት ገብተው ሻይ ከጠጡ በኋላ ይሻላል፤ ጣት በደነዘዘበት ሰዓት የተሰጠ እርማት ስድብ ይመስላል።

አየሩ ከፋ ብሎ ቀኑን መዝለልም አያስፈልግም። ከተማዋ አብዛኞቹን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቿን በሥነ ጥበብ ስላስዋበች፣ ውሽንፍር በሚበረታበት ቀን ዋናው ጣቢያ ቴ-ሴንትራለን ወርዶ በሰማያዊ ሐረግ የተሳለውን የዋሻ ጣሪያ ማንሳት ይቻላል።

በእርግጥ ያመለጠን ቀን ግን በማግስቱ ፎቶ መሙላት አይገባም፤ ቀኑ የተዋሸበት ፎቶ አንድ ከተገኘ የሌሎቹም ቀን ያጠራጥራል። በጃንዋሪ ሁለታችንም በጉንፋን የተኛንባቸው ሦስት ቀናት በአልበማችን ውስጥ ሦስት ባዶ ገጾች ናቸው፤ ባለቤቴ ቀኑን ብቻ በእርሳስ ጽፋባቸዋለች።