ጅማ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ይዘው ሥራ ሲመሩ፦ ከቅጥር እስከ ስንብት

በትንሽ ቤት አሠሪና ሠራተኛ የሚጣሉት ባብዛኛው በተንኮል አይደለም። በግልጽ ያልተነገረ ነገር ስላለ ነው። ደመወዝ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል አልተነገረም። ብርጭቆ ሲሰበር ማን እንደሚከፍል አልተነገረም። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ኩርፊያው ይከተላል። ጅማ ውስጥ ካፌ፣ ዳቦ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ወይም ሱቅ ከፍተው ጥቂት ሰው የሚያሠሩ ከሆነ፣ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ይሞክሩት።

1. መጀመሪያ ሥራውን ይጻፉ፣ ከዚያ ሰው ይፈልጉ

ቤቱን ማን ይከፍታል? ዕቃ ማን ያጥባል? ማታ ሂሳብ ማን ይዘጋል? አንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። በር ላይ «ሁለገብ ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ግን ለአስተናጋጅነት የመጣች ልጅ በማግስቱ ሽንት ቤት እጠቢ ስትባል ቅር ቢላት አይፈረድባትም።

2. ቅጥሩን በጽሑፍ ያድርጉት

የዘመድ ልጅ ቢሆንም እንኳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የተቀጠረንም ሰው ይጠብቃል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ሲበዛ ደግሞ 60 የሥራ ቀን ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን ከተጻፈ ብዙው ነገር ተጽፏል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከማና፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከቀርሳ የሚመጣ ወጣት የተሻለ የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል። ውሉን በሚገባው ቋንቋ ያዘጋጁለት። ካልሆነ ቋንቋውን የሚችል ሰው ባለበት ያስነብቡለት፣ ጥያቄ ካለው ይጠይቅ፣ ከዚያ ይፈርም። ያልገባውን ወረቀት የፈረመ ሰው ነገ «እንዲህ አልተባባልንም» ቢል ሐቁን ነው።

3. የመጀመሪያውን ሳምንት ከአንድ ነባር ሠራተኛ ጋር ያጣምሩት

አዲሱን ሰው የሚያሠለጥነው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ትእዛዝ ሲሰጠው ይደናገራል።

4. ፈረቃውን ከከተማው ኑሮ ጋር ያስማሙ

ብዙ ባለቤቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። በሕጉ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ይህን ይዘው የጅማን ሳምንት ይመልከቱት። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚገባው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሰው አያሳንሱ። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ሠራተኞች ካሉዎት ይህ ለቤቱ በረከት ነው፤ ዓርብ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሸፍናል፣ እሑድ ደግሞ በተራው ይሸፈንለታል። በረመዳን ለሚጾሙት የማታውን ፈረቃ ከኢፍጣር ጋር እንዳይጋጭ አድርገው ያውጡት። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውንም እንደዚሁ ያስቡለት። ይህን ሠራተኛው ለምኖ ሳይሆን እርስዎ ቀድመው ቢያደርጉት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌላው ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ለለቀማ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው፤ እንደ ድንገተኛ ችግር መቆጣት አያስፈልግም። መስከረም ላይ ቁጭ ብለው «ዘንድሮ ማን ይሄዳል? ለስንት ቀን?» ብለው ይጠይቁ። የዓመት ፈቃዱን በዚያ ሰሞን እንዲወስድ ያመቻቹለት። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ለአንድ ዙር ለቀማ ሊበቃ ይችላል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጠየቀ ተራ ያስይዙ። ተራውንም ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ አድልዎ አለ የሚለው ሐሜት ከሚወልዳቸው ነገሮች ዋናው የተደበቀ ፕሮግራም ነው።

5. ደመወዝን ከቀኑ አያሳልፉ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ደመወዝ ማዘግየት ያጓጓል። አያድርጉት። ሠራተኛው የቤት ኪራይ የሚከፍለው በእርስዎ ቃል ተማምኖ ነው። ገንዘብ እንደሚያጥርዎ ካወቁ ከሳምንት በፊት ይንገሩት።

ትርፍ ሰዓትን ሁሌ ይመዝግቡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው ሰዓት 1.5 እጥፍ ነው፤ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 ደግሞ 1.75። በሳምንታዊ ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ አስተናጋጇ በወር 6,240 ብር ታገኛለች እንበል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብንወስድ፣ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 30 ብር ነው። አንድ ምሽት እስከ 3 ሰዓት ሁለት ሰዓት ጨምራ ከሠራች 90 ብር ይገባታል። ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሳይከፈል ለወራት ሲጠራቀም ግን ልብ ያሻክራል።

ስለ ተሰበረው ብርጭቆም እንነጋገር። በዘፈቀደ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በተስማማው ካልሆነ በቀር። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። እኔ ብጠየቅ ግን የአንድ ሁለት ብርጭቆ ስብራትን ከቤቱ ወጪ ቆጥሬ እተወዋለሁ። ሰው ዕቃ ሲያጥብ እጁ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ ምንም አይጠቅምም።

6. ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ

በአንድ ፈረቃ መሳቢያው አንድ ባለቤት ይኑረው። ፈረቃ ሲቀየር ሁለቱ አብረው ይቁጠሩ፣ ደብተር ላይ ይፈርሙ። እርስዎም ከመሳቢያው ሲወስዱ ይጻፉ። ባለቤቱ ሳይጽፍ እያነሳ «ሂሳብ ጎደለ» ብሎ ሠራተኛ መጠርጠር ትልቅ በደል ነው፤ የሰው ስም ከጠፋ በኋላ በይቅርታ አይመለስም።

7. ሲያጠፋ ለብቻው፣ ያኔውኑ ይንገሩት

ደንበኛ ፊት አይቆጡ። ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለሠራው ነገር ይናገሩ። «አንተ ሰነፍ ነህ» ከማለት «ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ መግባት ነበረብህ፣ ሦስት ላይ ገባህ። ምን ገጠመህ?» ማለት ይሻላል። መልሱን አድምጡ። የታመመ ልጅ ወይም የታክሲ ችግር ሊሆን ይችላል። ከተደጋገመ በጽሑፍ ያስጠንቅቁ፣ ቅጂ ይስጡት። ጥሩ ሲሠራ ግን ሁሉም በሚሰማበት ያመስግኑት።

8. መለያየት ካልቀረ

ሕጋዊ ምክንያትዎን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ስንብት፣ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ የአንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር ጊዜ ይሰጣል። የቀረውን ደመወዝና ያልተወሰደውን የዓመት ፈቃድ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይዝጉ። የሥራ ልምድ ወረቀቱንም አብረው ይስጡት፤ ተጣልታችሁም ቢሆን መብቱ ነው። ሌላ አሠሪ ደውሎ ስለሱ ቢጠይቅዎ፣ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩ።