ሳቅ የሚያስነሳው ስም ከየት መጣ? ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም እንዴት ይፈለጋል

የባለቤቴ የቤተሰብ ስም ሻፍልቦተም ነው። ክሊኒክ ተቀምጠን ስሙ ሲጠራ ከኋላችን አንድ ሰው ሳቁን ያፍናል። ለእንግሊዝኛ ጆሮ «መቀመጫውን እያወዛወዘ የሚሄድ» ዓይነት ነገር ይመስላላ። ስንጋባ ስሙን ትወስጂያለሽ ወይ ተባልኩ። በአባቴ ስም እቆያለሁ አልኩ። ልጆቹ ግን ተሸከሙት። ትልቋ ከትምህርት ቤት አልቅሳ የመጣች ቀን አማቴን «ይሄ ስም ከየት ነው የመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ የኔ ልጅ፣ እኔም በጋብቻ ነው ያገኘሁት» አሉኝ።

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ዓመት ፈጀ። ግማሹን ጊዜ ያባከንኩት በራሴ ጥፋት ስለሆነ እናንተ እንዳትደግሙት ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የፈለጋችሁት ስም ብርቅ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ስሚዝን ወይም ጆንስን የሚፈልግ ሰው ይታዘንለት። ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ነው፤ አንጥረኛ ያልነበረው መንደር የለም፤ ስለዚህ ስሙ በየቦታው ለየብቻው በቅሏል። ብርቅ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው ይነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አይደለም። «ሰዎቹ የት ነበሩ?» ነው።

እኔ በትርጉሙ ጀመርኩ። ከዚያም ባሰብኝና ገበያ ላይ «የቤተሰብዎ አርማ» ከሚሸጥ ሰው አንድ ኩባያ ገዛሁ። አንበሳ አለበት፣ ሰይፍ አለበት፣ ከሥሩ ሻፍልቦተም ይላል። በኋላ ነው የገባኝ። እንግሊዝ ውስጥ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ከእሱ የሚወርሱትም ሕጋዊ ዘሮቹ ናቸው። ይህን የሚቆጣጠረው ከ1484 ጀምሮ ያለው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ አርማው የሁሉም አይሆንም። ኩባያው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የእርሳስ ማስቀመጫ ሆኗል።

እሺ፣ ከየት ይጀመር? በሕይወት ካሉት። አማቴ የአማታቸውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ስኮትላንድ በ1855 ተከተለች። የልደት ወረቀት የእናትን የቀድሞ ስም ይነግራችኋል። የጋብቻ ወረቀት ደግሞ የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ። በነዚህ ሁለቱ እየተረማመዳችሁ ወደኋላ ትሄዳላችሁ። ፍሪቢኤምዲ የሚባለው በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ማውጫ በነጻ ነው። ዋናውን ወረቀት ግን መግዛት አለባችሁ፤ እኔ ስገዛ አንዱ 12.50 ፓውንድ ነበር። ብርቅ ስም ሲሆን ሁሉንም መግዛት ያምራችኋል። ተዉት። መጀመሪያ ካርታ።

ካርታው የሚሠራው ከ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ከ1801 ጀምሮ ቢኖርም የሁሉም ሰው ስም መመዝገብ የጀመረው በ1841 ነው። የ1841ዱ ደግሞ ያናድዳል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያጠጋጉታል፤ የ34 ዓመቱ ሰውዬ 30 ይሆናል። የትውልድ ቦታውም «እዚሁ ካውንቲ (የአስተዳደር ክልል) ነው ወይስ አይደለም» ብቻ ነው። የተወለዱበት አጥቢያ የተጻፈው ከ1851 ወዲህ ነው። 1881ን ግን በጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ስለገለበጡት ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይፈለጋል። ሰው የተቆጠረው ኤፕሪል 3 ለሊቱን ባደረበት ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ባቡር ቢኖርም አብዛኛው ሰው ከአያቶቹ ቀዬ ብዙ አልራቀም ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎችም የድሮውን ቆጠራ ከዘመናችን የስም መዝገቦች ጋር የሚያሳይ የስም ካርታ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ስሙን መጻፍ ብቻ ነው።

ሻፍልቦተም ብዬ ስጽፍ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለው ላንካሻየር ጠቆረ። ቼሻየርና ስታፎርድሻየርም ቀለም ያዙ። ደቡቡ ባዶ ማለት ይቻላል። አማቴን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሰው ብዛትን ብቻ አትቁጠሩ። በ1881 ላንካሻየር ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ሩትላንድ የምትባለው ትንሿ ካውንቲ ደግሞ 21 ሺህ ገደማ። ሁለቱም ጋ 20 ሰው ብታገኙ ትልቁ ነገር ያለው ሩትላንድ ነው። ሁልጊዜ ለሕዝቡ ብዛት አካፍሉት። ለንደንን ደግሞ ለብቻዋ አስቀምጧት፤ ሥራ ፍለጋ ሁሉም የሚፈስባት ከተማ ስለሆነች የየትኛውም ስም ጥቂት ሰው አይጠፋባትም። ሄንሪ ጉፒ የሚባል ሰው በ1890 ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ የቆጠረው ገበሬዎችን ብቻ ነበር። ገበሬ ከመሬቱ አይነቃነቅም ብሎ ነው። ብልህ ሰው።

ሁለተኛው ወጥመድ ፊደል ነው፤ እኔን ስምንት ወር የበላኝ እሱ ነው። የባለቤቴ ስም መጨረሻው በሁለት ቲ ይጻፋል። በአንድ ቲና በኤች የሚጽፉት አሉ። ሺፐርቦተም አለ፣ ሹቦተም አለ። እኔ እነዚህን «ሌሎች ሰዎች» ብዬ አልፌያቸው ነበር። ግን አስቡት፤ ሰውዬው ማንበብ አይችልም፣ ስሙን በሰፈሩ አነጋገር ይናገራል፣ ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። የአንድ እናት ልጆች በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ክርስትና ተነስተው አግኝቻለሁ። ስለዚህ ስትፈልጉ የኮከብ ምልክቷን ተጠቀሙ፤ ኤስና ኤች፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ ቢ፣ ኦ፣ ቲ፣ ከዚያ እንደገና ኮከብ። መሐሉን ኮምፒዩተሩ ይሙላው። ከዚያ የሁሉንም አጻጻፍ ካርታ አንድ ላይ ደራርቡ። የኛን ስደራርበው ነው ማዕከሉ ጎልቶ የታየኝ፤ ከማንቸስተር በስተሰሜን ያለችው ቡሪ።

ከ1837 በፊት የመንግሥት መዝገብ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1598 ደግሞ መዝገቡ በብራና እንዲገለበጥና በየዓመቱ አንድ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲላክ ተወሰነ። ይህችን ቅጂ አትርሷት። ዋናው መዝገብ አይጥ ቢበላው የጳጳሱ ቅጂ ሊኖር ይችላል። የቡሪ መዝገብ የሚጀምረው በ1590 ነው። የላንካሻየር ኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ በጎ ፈቃደኞች የገለበጡትን በነጻ ታገኙታላችሁ። ከ1642 እስከ 1660 ባለው ጊዜ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱና ከዚያ ወዲህ፣ ብዙ መዝገብ ቀዳዳ አለው። አትደንግጡ፣ ዝለሉት።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ሐበሾች እንኳን ይሄ አይከብደንም። እንግሊዞች እስከ 1752 ዓመታቸው የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ጃንዋሪ 1720 የሚለው እንደ ዛሬው 1721 ነው። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 ሆነ፤ 11 ቀን ዘለሉ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው አላመነኝም። ሁለት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ያደገች ሴት ግን ምን ይደንቃታል?

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ አገኘሁ። ስሙ አንድ፣ አጥቢያው አንድ፣ ዘመኑ አንድ። በደስታ ገለበጥኩት። እዚያ ላይ ካለው ጆን ከሚባል ሰው ተነስቼ አምስት ትውልድ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ለአማቴም በልደታቸው ቀን አሳትሜ ሰጠኋቸው። በኋላ የቀብር መዝገቡን ስገልጥ ያ ጆን በሦስት ወሩ ተቀብሯል። የኛ ጆን ሌላ ነው፤ የአጎቱ ልጅ መሆን አለበት። ብርቅ ስም ባለበት አካባቢ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ወንድማማቾች ሁሉ ለልጃቸው የአያታቸውን ስም ያወጣሉ። ስለዚህ ክርስትና ባገኛችሁ ቁጥር ቀብሩንም ፈልጉ። ልጁን ሕይወት አለው ከማለታችሁ በፊት አለመሞቱን አረጋግጡ። ስጦታዬን ከአማቴ ግድግዳ ላይ አውርጄ መመለስ እንዴት እንዳሳፈረኝ አትጠይቁኝ።

ሰዎቹ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለምን ሄዱ? ለዚህ እኔ የምወደው የድሆችን ወረቀት ነው። ሀብታም ኑዛዜ ይተዋል፤ ድሃ ግን ምርመራ ይተዋል። በ1662 በወጣው የሰፈራ ሕግ መሠረት አንድ ሰው ቢቸግረው የሚረዳው የራሱ አጥቢያ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ መጥቶ እንዳይለምናቸው የፈሩት የአጥቢያው ሹሞች ዳኛ ፊት ያቀርቡታል። የት ተወለድክ? ለማን አገለገልክ? ስንት ዓመት? ኪራይ ስንት ከፈልክ? ብለው ይጠይቁታል። መልሱ በገዛ አፉ የተነገረ የሕይወት ታሪክ ነው። ከዚያ ወደመጣበት ይባረራል፤ የማባረሪያው ትእዛዝም ይቀመጣል። ያላገቡ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ደግሞ በተለይ ያጣድፏቸው ነበር፤ ልጁ እነሱ ጋ ከተወለደ ሸክሙ የነሱ ስለሚሆን። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ብዙውን ጊዜ የእናቱን ስም ስለሚይዝ ስሙ በሴት በኩልም ይጓዛል። ይሄን የማያውቅ ሰው አባት ፍለጋ ዓመት ይፈጃል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ነው ወደ ትርጉሙ የምትመጡት። በ2016 የወጣው የኦክስፎርድ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45 ሺህ በላይ ስሞች አሉት፤ የድሮ መዝገቦችን ከዘመኖቻቸው ጋር ይጠቅሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። የኛ ስም የመጣው ቡሪ ውስጥ ከነበረ ሺፐርቦተም ከሚባል ቦታ ነው። በ1285 ሺፕዋልቦተም በሚመስል አጻጻፍ ይገኛል። «ሺፕ» በግ ነው፣ «ዋል» ምንጭ፣ «ቦተም» ደግሞ በድሮው እንግሊዝኛ የሸለቆ ወለል። የበጎች ምንጭ ያለበት ሸለቆ! እዚያው አካባቢ ራምስቦተም የሚባል ከተማ አለ። ሎንግቦተምና ዊንተርቦተም የሚባሉ ስሞችም አሉ። የሁሉም ቦተም ያው ሸለቆው ነው። መቀመጫ የሚባል ነገር የለበትም። ቀስ በቀስ በሰው አፍ ሲንከባለል «ሺፕዋል» ትርጉሙ ጠፋ፤ ሰውም የሚያውቀውን ቃል ተካበት፣ «ሻፍል» አለው።

ለልጄ ነገርኳት። «በግ ይሻላል» አለች።

የዘረመል ምርመራም አለ። የዋይ ክሮሞሶም እንደ ቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ጥናት 40 የቤተሰብ ስሞች ያላቸውን 1,678 ወንዶች መርምረው፣ ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ባለቤቶቹ አንድ አባት የመጋራት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ስሚዞች ግን ከመንገደኛ ብዙም የተለየ ዝምድና የላቸውም። ባለቤቴ ምራቄን አልሰጥም ብሏል። አልጨቀጨቅኩትም። ይሄ ምርመራ የአንድን ቅድመ አያት ገመና ሊያወጣ ስለሚችል የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ሳይስማማ አትጀምሩት።

የምታጠኑትን ስም ሌላ ሰው ጀምሮት እንደሆነም እዩ። በ1979 የተመሠረተው ጊልድ ኦፍ ዋን-ኔም ስተዲስ አባላቱ የሚያጠኗቸውን ስሞች ይመዘግባል። ስማችሁ እዚያ ካለ ሰውዬው የሃያ ዓመት ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል። በትሕትና ጻፉለት፣ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ ያገኛችሁትን አንድ ወረቀት አብራችሁ ላኩ።

እኔ አሁን የቀረኝ ፕሬስተን ያለው የላንካሻየር ቤተ መዛግብት ነው። ቡሪ በቼስተር ሀገረ ስብከት ሥር ስለነበረች የድሮ ኑዛዜዋ በቼስተር ቢጸድቅም የላንካሻየር ሰዎች ኑዛዜ አሁን ያለው ፕሬስተን ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ ከአማቴ ጋር ልንሄድ ነው። ማየት የምትፈልጉትን ሰነድ ቁጥር ከቤት ጽፋችሁ ሂዱ፤ መታወቂያ ያዙ። እስክሪብቶ ንባብ ክፍል አያስገቡም። ከአንበሳው ኩባያ ውስጥ ሁለት እርሳስ ቀርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ አንዱ የሳቸው ነው።