የቆዩ የጃቫ ማሳያዎችን በሊነክስ ላይ ማስነሳት፦ ለፊዚክስ መምህራን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ክፍል ስለ ሞገድ ማስረዳት ምን እንደሚመስል ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለ ባልደረባዬ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አፕሌት የሚባሉት በጃቫ የተሠሩ የቆዩ ማሳያዎች ለእኔ ትልቅ ሀብት ናቸው። ተማሪው በማውዙ ድግግሞሹን ከፍ ሲያደርግ የሞገዱ ርዝመት ዓይኑ እያየ ያጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቀመሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ግን አፕሌት አያስነሱም። አፕሌትን በብሮውዘር ውስጥ የሚያስነሳው ተጨማሪ ክፍል (ፕለጊን) የሚያልፍበትን ኤንፒኤፒአይ የተባለ መንገድ ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በ2017 ዘግተውታል። ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት የሚፈልጉት ማሳያ ያለ ፕለጊን በሚሠራው በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና ተሠርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ፌት የተባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ማሳያ ፕሮጀክት ብዙዎቹን ማሳያዎቹን ቀይሯል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ ጂኦጀብራም ከጃቫ አፕሌት ወጥቷል። አዲሱ ካለ እሱን ይጠቀሙ። ከዚህ በታች ያለው ምትክ ላልተገኘላቸው ነው።

ዋናው ነገር ጃቫው፣ ፕለጊኑና ብሮውዘሩ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። እኔ የምመክረው ሉቡንቱ 16.04 የተባለውን የሊነክስ ስርዓተ ክወና፣ ኦፕንጄዲኬ 8 የተባለውን ነፃ ጃቫ፣ ክፍት ምንጭ የሆነውን የአይስድቲ-ዌብ ፕለጊን እና ፋየርፎክስ 52 ኢኤስአርን ነው። ኢኤስአር የተባለው ለድርጅቶች ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው እትም ሲሆን፣ መደበኛው ፋየርፎክስ 52 የጃቫን ፕለጊን ሲተው እሱ አልተወም። ሉቡንቱን የመረጥሁት አቅማቸው ደካማ በሆኑ ኮምፒውተሮች ላይ ስለማይከብድና ሲናፕቲክ የተባለው የፕሮግራም መጫኛ አብሮት ስለሚመጣ ነው።

ሲናፕቲክ ኢንተርኔት እንደልብ ለማይገኝበት አካባቢ ትልቅ እገዛ አለው። ስልክዎን በኬብል አገናኝተው የሞባይል ዳታውን ለኮምፒውተሩ ያጋሩና ሲናፕቲክ ውስጥ «ሪሎድ» የሚለውን ይጫኑ፤ የሚወርደው የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ብቻ ነው። በመፈለጊያው ላይ አይ፣ ሲ፣ ኢ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤ የሚሉትን ፊደላት በላቲን አያይዘው ይጻፉ። «አይስድቲ-8-ፕለጊን» የሚለውን ሲመርጡ የሚያስፈልገው ጃቫ አብሮ ይመረጣል። አሁን የመጫኛውን ቁልፍ አይንኩ። ከ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ «ጄኔሬት ፓኬጅ ዳውንሎድ ስክሪፕት» የሚለውን መርጠው የሚሰጥዎትን ትንሽ የማውረጃ ትእዛዝ ፋይል (ስክሪፕት) በፍላሽ ይያዙ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ሲገኝ ፍላሹን ይስጡት። ጥሩ መስመር ባለው ሊነክስ ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕቱን ሲያስነሳው ሁሉም ፋይሎች በተራ ይወርዳሉ። ያገኘው ዊንዶውስ ብቻ ከሆነም አያሳስብም፤ ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ቢከፍተው አድራሻዎቹ በግልጽ ስለተጻፉ አንድ በአንድ ማውረድ ይችላል። ፋየርፎክስ 52 ኢኤስአርንም ከሞዚላ ማኅደር አብሮ ያምጣ። ኮምፒውተሩ ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 ቢት አስቀድመው አረጋግጠው ይንገሩት፤ ብሮውዘሩና ፕለጊኑ በዚህ ከተለያዩ አይተዋወቁም። ፍላሹ ሲመለስ «ፋይል» ውስጥ «አድ ዳውንሎድድ ፓኬጅስ» በሚለው የወረዱት ፋይሎች ያሉበትን ማኅደር ያሳዩትና መጫኑ ይቀጥላል።

ፋየርፎክሱ መጫን አያስፈልገውም፤ የመጣውን የታመቀ ፋይል ፈትተው ከዚያው ማስነሳት ይቻላል። ሌላ የተከፈተ ፋየርፎክስ ካለ ይዝጉ። ከዚያ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት (ተርሚናል) ከፋየርፎክሱ ማስነሻ ፋይል ስም ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን የላቲን ፒ ጽፈው ሲያስነሱት የፕሮፋይል (የብሮውዘሩ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ቦታ) መምረጫ ይመጣል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ ፕሮፋይል ይክፈቱ። ወዲያው «ፕሪፈረንስስ»፣ «አድቫንስድ»፣ «አፕዴት» ውስጥ ገብተው ራሱን እንዳያድስ ይከልክሉት። ይህ ከተረሳ አንድ ቀን ወደ አዲስ እትም ያልፍና ፕለጊኑን መቀበል ያቆማል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤ ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ በሚመጣው ገጽ፣ «ፕለጊንስ» በሚለው ሥር «አይስድቲ-ዌብ ፕለጊን» የሚል መታየት አለበት። ከጎኑ ያለውን ምርጫ «አስክ ቱ አክቲቬት» ላይ ይተዉት። አፕሌት ያለበትን ገጽ ሲከፍቱ ማሳያው መምጫ ላይ ግራጫ ሳጥን ይታያል። ሲጫኑት ፕለጊኑን ልክፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከፈቀዱ በኋላ አይስድቲ ራሱ ሌላ ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ እንዲጠነቀቁ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ዲጂታል ፊርማ የሌለው አፕሌት በታጠረ ቦታ ውስጥ ስለሚሠራ የኮምፒውተሩን ፋይሎች እንዳይነካ ተደርጓል። ፊርማ ያለው ግን ሙሉ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሠሪውን ካላወቁ አይፍቀዱለት። በዚህ ብሮውዘር ኢሜይል አይክፈቱ፣ የባንክ ሥራም አይሥሩ። የደኅንነት ጥገና ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ማሳያዎቹን አውርጄ ከኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አስከፍታለሁ፤ ለተማሪዎቼም የኢንተርኔቱ ገመድ ተነቅሎ ይቆያል።

ፌት በጃቫ ከሠራቸው ማሳያዎች ብዙዎቹ ብሮውዘርም ሆነ ፕለጊን አይፈልጉም። መጨረሻቸው «ጃር» የሆኑትን በቀኝ ጠቅታ በኦፕንጄዲኬ መክፈት ይበቃል፤ «ጄኤንኤልፒ» የሚል ያላቸውን ደግሞ ከፕለጊኑ ጋር የተጫነው የአይስድቲ ዌብ ስታርት ይከፍታቸዋል።