ጤና አዳም በጀሪካን፦ ግቢ ለሌለን ሰዎች

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ እየሳሳ ሲሄድ፣ ያቺ ለስላሳ የጠዋት ፀሐይ በረንዳዬ ላይ ስትመጣ እጄን አፈር ውስጥ ካልከተትኩ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግቢ የለኝም፣ ግን ቡናው ሲፈላ ብድግ ብዬ የራሴን ጤና አዳም ቀንጠብ አድርጌ ሲኒው ውስጥ ጣል ሳደርግ ደስታው ልዩ ነው፣ ሽታው እኮ ጣቴ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ በጤና አዳም ጀምሩ፣ ጽጌረዳ ምናምን ቀስ ብሎ ይደርሳል።

የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይበቃል። አፉን በቢላ ቁረጡት፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ ዘይቱ እስኪለቅ እጠቡት፣ ከዛ ሚስማር በእሳት አግላችሁ ከስሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳውን እንዳትረሱ! እኔ መጀመሪያ የተከልኩትን ሁለት ቀዳዳ ብቻ በስቼለት ውሃው ውስጥ ተኝቶ ስሩ በሰበሰ፣ በጣም ነበር ያዘንኩት፣ ታች ቤት ያሉት እማማ አይተው «ልጄ፣ ጤና አዳም ከጥማት ይልቅ ውሃ ነው የሚገድለው» አሉኝና ከራሳቸው ቅርንጫፍ ሰጡኝ።

ቀለም መቀባቱ ለውበት ብቻ አይደለም፣ ነጣ ያለ ጀሪካን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ ያወጣል። ውጩን በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት፣ ካልሆነ ቀለሙ ይላጣል። ከቤት እድሳት የተረፈ ዘይት ቀለም ካለ በቂ ነው፣ ልጆች ካሉ ብሩሹን ለነሱ ስጧቸው፣ የኛ ቤቱ ላይ አደይ አበባ ተስሎበታል፣ ቅጠሎቹ ከአበባው ይበልጣሉ ግን እኔ በጣም ነው የምወደው።

አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ትኩስ ፍግ ስሩን ያቃጥለዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጎረቤት ጋር ሂዳችሁ ቅርንጫፍ ለምኑ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ያላበበ፣ ከእርሳስ የቀጠነ፣ ስንዝር የማይሞላ ይሁን፣ ከአንጓው፣ ማለትም ቅጠሉ ከሚወጣበት ቦታ፣ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡት፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን አራግፉና አንጓዎቹ እንዲቀበሩ አድርጋችሁ ትከሉት። ሦስት አራት አንድ ላይ ትከሉ፣ አንዱ ባይዝ ሌላው ይይዛል። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ቦታ ይቀመጥ፣ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ መጀመሪያው አንጓ ክተቱና ደረቅ ከሆነ ብቻ ውሃ ስጡት። ስር አወጣ አላወጣም ብላችሁ እየነቀላችሁ አትዩ በናታችሁ፣ አዲስ ቅጠል ጫፉ ላይ ብቅ ሲል ይዟል ማለት ነው፣ ወር ሊፈጅ ይችላል። ከዛ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ አውጡት። የጥብስ ቅጠልም በዚሁ መንገድ ነው የሚያዘው። በሶብላ ግን ዘር ነው፣ እላዩ ላይ በትናችሁ ስስ አፈር ነስነስ ታደርጉበታላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ፣ ጤና አዳምን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ አትግረዙት። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ይቋጥራል፣ እኔ ማታ ማታ ነው በጓንት የምቆርጠው፣ በተለይ ልጆች ካሉ አደራ። ነፍሰ ጡርም ባትወስደው ይሻላል።

ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከያዘው በ1 ሊትር ውሃ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ርጩበት፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ እጠቡት። ግን የወፍ ኩስ የምትመስል ትንሽ ትል ካያችሁ ቶሎ አትግደሏት! ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ስትነኳት ከራሷ ላይ ብርቱካናማ ቀንድ አውጥታ ትሸታለች፣ በኋላ ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ነው የምትሆነው። እኛ አንዱን ጀሪካን ለነሱ ትተንላቸዋል።

ሲያብብ ደግሞ ቢጫውን አበባ ሁሉንም አትቁረጡ፣ ፍሬ ያፍራ፣ ፍሬው ሲደርቅ ለበርበሬ ይሆናል።