ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሆዱ ውሃ እየያዘ ሲያስቸግር ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታገዝ

መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ እንዳይመለስ የሚደረገው ትግል ግን በአብዛኛው ማዕድ ቤት ነው። ፒያሳ ቤታችን አባቴን ሳስታምም ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከጨው ጀምሩ። ጉበት ክፉኛ ሲጎዳ ኩላሊት ጨው ይይዛል፤ ጨው በቀረበት ደግሞ ውሃ ይቀራል። የሚፈቀደው በቀን 5 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። “ወጡ ላይ ጨው አልጨመርንም” ማለት አይበቃም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ዳቦም አለው። የበሽተኛው በርበሬና ሽሮ ለብቻው፣ ያለ ጨው ይሰናዳ። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይክሱታል። በፖታሲየም የተሠራ “ምትክ ጨው” ግን ውሃውን በሽንት ከሚያስወጣው መድኃኒት፣ ከስፓይሮኖላክቶን ጋር አደገኛ ስለሆነ አትግዙ። ጠያቂ ዘመድም ዶሮ ወጥ ይዞ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ይነገረው። በር ላይ መመለስ ይከብዳል።

ሥጋ፣ እንቁላልና ምስር አትከልክሉ፤ ሰውነቱ እየከሳ ነው። ከመኝታ በፊት መክሰስ ይብላ። ጾም ከሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ሆድን ባዶ አድርጎ መዋል ይጎዳዋል።

ጠዋት ሽንት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ መዝኑት፤ ጻፉት። የዲጂታል ሚዛን ወጪው ያዋጣል። እግሩ ካላበጠ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም፤ ካበጠ እስከ 1 ኪሎ። ከዚያ ከፈጠነ ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል ለሐኪሙ ደውሉ። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡት።

መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ወይም ሲጎዳው ውሃው በመርፌ ይቀዳል። “ከተቀዳ አይተርፍም” የሚል ዘመድ አይጠፋም። አትስሙት፤ የሚያደክመው በሽታው ነው፣ ሲቀዳለት ትንፋሹ ይቀለዋል። ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ ግን ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ገደማ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን በደም ሥር ይሰጣል። 8 ሊትር ቢቀዳ 64 ግራም ማለት ነው። ውድ ነው። ስንት እንደሚያስፈልግ ከቀጠሮው በፊት ጠይቁና ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ዋጋ አነጻጽሩ። በዚያው ስለ ጉበት ንቅለ ተከላም ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ሳይደክም መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው።

ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ መቀባዠር፣ ቀን ቀን እንቅልፍ፣ የሽንት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ ካያችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለው፣ ወይም ከቀባዠረ፣ የሆዱ ውሃ ተቀድቶ ኢንፌክሽን እንዳለው ይመርመርለት በሉ።